የባሕር ዳር ስታዲየም ለትልቅ ውድድር ይበቃል ወይ? ከሳሩ በታች የተደረገ ግምገማ

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ባሕር ዳር የአፍሪካ ዋንጫን የምድብ ጨዋታ ማስተናገድ የሚችል ከተማ ነው፤ ስታዲየሙም በሰው መያዝ አይታማም። የሚጎድለው በሁለት ይከፈላል። መልበሻ ክፍሉ፣ ወንበሩና መብራቱ ገንዘብ ከተገኘ በወራት ይስተካከላል። ሜዳው ግን ከሳሩ በታች ባለው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ እሱ በችኮላ አይሠራም፤ ከተበላሸም የሚታወቀው ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ አብዛኛውን ጊዜውን መሬት ላይ ያጠፋል።

የስታዲየሙ ታሪክ አጭር ነው። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም ዋልያዎቹ ሌሴቶን 2 ለ 1 አሸነፉበት። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም አይቮሪኮስትን በዚያው ውጤት ረቱበት፤ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም ማዳጋስካርን 4 ለ 0። ከዚያ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፉ በኋላ በሩ ተዘጋ፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም አለ። በቀጣዩ ወር ጋናን «በሜዳችን» የገጠምነው ጆሃንስበርግ ኦርላንዶ ስታዲየም ነው። ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ያ ድንቅ ቀንም ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ዋለ። ባሕር ዳር ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስብ ሁሉ የዚህ ጉዳይ ባለቤት ነው።

እድሳት በተነሳ ቁጥር ሰው የሚጠይቀው ስለ ጣሪያና ስለ ወንበር ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው የደቡብ አፍሪካው ምቦምቤላ ስታዲየም ነው። እ.ኤ.አ. ለ2010 የዓለም ዋንጫ የተሠራ፣ 40,000 ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች ቀጭኔ የሚመስሉ፣ ወንበሮቹ የሜዳ አህያ መልክ ያላቸው ውብ ስታዲየም ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ቡድናችን ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም ከዛምቢያ 1 ለ 1 የተለያየው፣ ጥር 17 ቀን ደግሞ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 የተሸነፈው እዚያ ነው። ጨዋታዎቹን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሜዳውን አይረሳውም፤ ሳሩ ተመልጦ አሸዋው ወጥቶ፣ ተጫዋች ሲዞር እግሩ እየከዳው፣ ኳስ በተመታ ቁጥር አሸዋ እየበነነ። የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ሳይቀር እዚያው ላይ ተካሄደ። የዓለም ዋንጫ ስታዲየም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ ግንባታው ሜዳን አይጠብቅም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከግማሽ በላዩ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። መደበኛው የመጫወቻ ክልል 105 በ68 ሜትር ነው፤ ዙሪያው ሲጨመር ሳር የሚለብሰው ቦታ ወደ 9,000 ካሬ ሜትር ይጠጋል። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ሜዳው ላይ የሚያርፈው ውሃ 270,000 ሊትር ነው። ይህ ውሃ የት ይሄዳል? ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ከሆነ የትም አይሄድም። ዋልካ ሲርስ አብጦ ይዘጋል፣ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የጎጃም ገበሬ ጤፉን ከዚህ የሚያድነው በማሳው ላይ ፈሰስ አውጥቶ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ግን ላዩ ላይ ፈሰስ ሊወጣለት አይችልም፤ ፈሰሱ ከታች መቀበር አለበት።

ትክክለኛው አሠራር ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው። መሬቱ ተቆርጦ፣ ወደ ዳር ትንሽ አዘቅዝቆ ይጠቀጠቃል። ቦይ ተቆፍሮ ቀዳዳ ያለው 100 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየ5 ሜትሩ ይዘረጋና ሜዳውን ከሚዞረው ዋና ቱቦ ጋር ይገናኛል። በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር የታጠበ ጠጠር፣ ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይተኛል። ሳሩ የሚበቅለው አሸዋው ላይ ነው። ሥራውን በቁጥር ለማየት፣ አሸዋው ብቻ 2,700 ሜትር ኩብ ነው፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ 169 ምልልስ። ጠጠሩ 900 ሜትር ኩብ ስለሚሆን 57 ምልልስ ይጨምራል።

አሸዋ ሲባል የመጣው ሁሉ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ቢያንስ 60 በመቶው ቅንጣት ከሩብ ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሚሊ ሜትር መካከል መሆን አለበት፤ ደለሉ ከ5 በመቶ፣ ሸክላው ከ3 በመቶ መብለጥ የለበትም። ለቤት ግንባታ ጥሩ የሚባለው የወንዝ አሸዋ ብዙ ጊዜ ደለል ስላለበት ሳይታጠብ አይሆንም። ላቦራቶሪ ከመላኩ በፊት በሲኖው አጠገብ የሚደረግ ፈተና አለ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በአሸዋው፣ የቀረውን በውሃ ሞልቶ በደንብ መናጥና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው በሰከንዶች ውስጥ ይወርዳል፤ ደለሉ ከላዩ እንደ ክሬም ሆኖ ይተኛል። ያ ክሬም ወፍሮ ከታየ መኪናው እንደተጫነ ይመለስ። አንድ መቶ ሲኖ ከተራገፈ በኋላ ማጣራት አይቻልም።

ሜዳው ከተሠራ በኋላስ ከታች ምን እንዳለ እንዴት ይታወቃል? ከተከፈተ ቆርቆሮ ወይም ከወፍራም ቱቦ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ተቆርጦ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ይገባል። አንዴ በውሃ ሞልቶ ማስረግ፣ ከዚያ እንደገና ሞልቶ መለካት ነው። አዲስ የአሸዋ ሜዳ በሰዓት 150 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ማስረግ አለበት፤ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር ውሃ በ10 ደቂቃ። አንድ ቦታ ለክቶ መደምደም ግን ስህተት ነው። የጎሉ አፍ፣ የመሐል ክቡ፣ የመስመር ዳኛው የሚሮጥበት ዳር፣ ለየብቻ ይለኩ።

ቀጥሎ በጠባብ አካፋ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁራጭ አፈር አውጥቶ ጎኑን ማየት ነው። ጤናማ ሜዳ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አሸዋ ያሳያል፤ ነጫጭ ሥሮች ቁልቁል ይወርዳሉ። የታመመ ሜዳ እንደ ድፎ ዳቦ ቅርፊት የተለየ ንብርብር አለው፤ ሥሩ እዚያ ንብርብር ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል። ከንብርብሩ በላይ ያለው አሸዋ ጠቁሮ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ሳሩ ላዩ አረንጓዴ ቢሆንም ቀኑ ተቆጥሯል።

ያ ንብርብር ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከበጎ ሐሳብ። ሜዳው ጎድጎድ ሲል አንድ ጋሪ ቀይ አፈር ይመጣና ይሞላል፤ ላዩ ተስተካክሎ ያምራል። በቀጣዩ ክረምት ያ ቀይ አፈር እንደ ክዳን ሆኖ ውሃውን ይይዘዋል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንዲሉ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ምንም ሳያሳይ ቆይቶ አንድ ቀን በጨዋታ መሐል ሳሩ እንደ ምንጣፍ ተገፎ ይነሳል። በአሸዋ ሜዳ ላይ የሚጨመረው ያንኑ አሸዋ ብቻ ነው። ሌላ ነገር ፈጽሞ አይጨመርም።

ሳሩን በተመለከተ ባሕር ዳር ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። ገበሬው በጉልጓሎ የሚያሳድደው ሰርዶ እዚህ ንጉሥ ነው። ሰርዶ በሚሳብ ግንዱ እየተሰፋ ስለሚሄድ በታኬታ የተፈነቀለውን ራሱ ይጠግናል፤ ሙቀትና ረገጣ ይችላል። በዓለም ስታዲየሞች የሚተከለው ቲፍዌይ 419 የተባለው ዝርያ የዚሁ የሰርዶ ዘር ነው፤ ዘር ስለማይሰጥ የሚተከለው በግንዱ ቁራጭ ነው። የሰርዶ ድካሙ ጥላና ብርድ ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጣሪያ የሚያቅድ መሐንዲስ ከተመልካቹ ምቾት እኩል የሜዳውን ጥላ በወር በወሩ አስልቶ ማቅረብ ይገባዋል፤ በሜዳው በኩል ያለውን የጣሪያ ጠርዝ ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር ማድረግም አንዱ መፍትሔ ነው። ብርዱስ? በታኅሣሥና በጥር የባሕር ዳር ሌሊት ቀዝቀዝ ይላል፤ ሰርዶው አይተኛም፣ ግን እድገቱ ይዘገያል፤ የተፈነቀለው ቦታ በሰኔ በሁለት ሳምንት የሚሞላ ከሆነ በጥር ወር ሙሉ ይወስዳል። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ላለችው ደብረ ማርቆስ ይኸው ሰርዶ አይመረጥም፤ እዚያ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ የሆነው የኪኩዩ ሳር ይሻላል።

ገበያ ላይ ያሉት ምርጫዎች ሦስት ናቸው።

ሰው ሠራሹ ሳር ብዙ ከንቲባ የሚወደው ነው፤ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው፣ በቀን አሥር ሰዓት ቢረገጥ አይሞትም። ግን በጠራራ ፀሐይ ላዩ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ 1,800 ሜትር ላይ ያለው ጠንካራ ፀሐይም የፕላስቲክ ክሩን ቶሎ ያደርቀዋል። ዕድሜው ከ8 እስከ 10 ዓመት ነው፤ ያም በየሳምንቱ ከተቦረሸና በክሮቹ መሐል የሚበተነው የጎማ ፍርፋሪ ከተሞላ ነው። አለዚያ ጎማው ወደ ዳር ተገፍቶ መሐሉ እንደ አስፋልት ይጠነክራል። ለመፈተን ኳስ ከ2 ሜትር መጣል ይበቃል፤ በፊፋ ከፍተኛው ደረጃ ከ60 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር መንጠር አለባት። ከ1 ሜትር በላይ ከነጠረች ሜዳው ጉልበት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የካናዳው የሴቶች የዓለም ዋንጫ በሰው ሠራሽ ሳር ተካሂዶ ተጫዋቾቹ አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ለ2026ቱ የወንዶች ዋንጫ ደግሞ ሰው ሠራሽ ሳር የነበራቸው የአሜሪካ ስታዲየሞች ሳይቀሩ የተፈጥሮ ሳር እንዲያስገቡ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ባሕር ዳር ዋናው ሜዳዋ ላይ ይህን ብታነጥፍ ያላትን ፀሐይ፣ ጣናንና ሰርዶን ጥላ የማያስፈልጋትን ነገር መግዛቷ ነው። ለልጆችና ለክለብ ልምምድ በሌላ ቦታ አንድ ማንጠፍ ግን ዋናውን ሜዳ ከረገጣ ያድናል፤ ለዚያ ይደገፋል።

ድብልቁ ሳር 95 በመቶ ተፈጥሮ፣ 5 በመቶ ክር ነው። ማሽን ክሩን 18 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ይሰፋዋል፤ የሳሩ ሥር በክሩ ላይ ተጠምጥሞ ይይዛል። ከተራ ሳር ሁለት ሦስት እጥፍ ጨዋታ ይሸከማል። ችግሩ ማሽኑም ባለሙያውም ከውጭ መምጣታቸው ነው፤ በየዓመቱም ላዩን ልጦ የሚያነሳ ከባድ ማሽን ይፈልጋል። ያ ካልተደረገ የክሩ ጫፍ በሞተ ሳር ይቀበራል፣ የተከፈለው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ምቦምቤላም ለ2010 ድብልቅ ሳር ነበረው።

ሦስተኛው፣ በአሸዋ ላይ የበቀለ ንጹሕ ሰርዶ ነው፤ የዚህ ግምገማ ምርጫም እሱ ነው። ምክንያቱ ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። አሸዋው በትክክል ከተነጠፈ ክሩን ከጊዜ በኋላ በበቀለው ሳር ላይ መስፋት ይቻላል፤ ድብልቁ ግን በመጥፎ አፈር ላይ ከተሰፋ መልሶ መንቀል እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም።

እንክብካቤው የሰው ጉዳይ ነው። በበጋ ሜዳው በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይጠጣል፤ 45,000 ሊትር ማለት ነው፣ አራት ተኩል የ10,000 ሊትር ሮቶ። ስለዚህ የከተማው ቧንቧ በሚቋረጥበት ቀን የሚያገለግል ጉድጓድና ማጠራቀሚያ ካልተዘጋጀ ሳር ባይተከል ይሻላል። የሚጠጣው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ማታ ከተጠጣ ቅጠሉ ሌሊቱን እርጥብ አድሮ ፈንገስ ይይዘዋል። ቁመቱ ከ25 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ይጠበቃል፤ በክረምት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በአንድ አጨዳ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ። ማጨጃው እንደ መቀስ የሚቆርጥ ባለ ጥቅል ምላጭ መሆን አለበት፤ የሚሽከረከረው ተራ ማጨጃ ጫፉን ይዘነጥለውና ሜዳው በማግስቱ ነጭ ይሆናል። አሸዋ ምግብ አይዝም፤ በእድገት ወቅት ግማሽ ኩንታል ዩሪያ በየወሩ ለሁለት ተከፍሎ ይበተናል፣ ወዲያው በውሃ ይታጠባል፤ ቅጠሉ ላይ ካደረ ያቃጥለዋል። መስመር በኖራ ማስመርም መቆም አለበት። ኖራ ሳሩንም የወደቀን ተጫዋች ቆዳም ያቃጥላል፤ በውሃ የሚበጠበጥ የሜዳ ቀለም አለ።

ተምችን የማይጠብቅ የሜዳ ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ሜዳውን ያጣል። ዝናብ ሲጀምር ወፎች አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው ሲለቅሙ ከታዩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጦ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ማፍሰስ ነው፤ ትሉ ካለ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሜዳ የሚገድለው ግን የጨዋታ ብዛት ነው። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ 16 ክለቦች ቢሆኑ በአንድ ሳምንት 8 ጨዋታ አንድ ሜዳ ላይ ያርፋል። የአፍሪካ ዋንጫ ሙሉ ምድብ እንኳ 6 ጨዋታ ነው። የትኛውም የተፈጥሮ ሳር ይህን ተሸክሞ ከወር በኋላ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አይደርስም። ውድድር የሚጠብቅ ሜዳ ቢያንስ 8 ሳምንት ያለ ጨዋታ መቆየት፣ በዚያም ጊዜ ተበስቶ፣ አሸዋ ለብሶ ማገገም አለበት። ብሱ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ የሚለብሰው አሸዋ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር።

ወቅቱም ይታሰብ። እ.ኤ.አ. የ2025ቱ የሞሮኮ አፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው ከታኅሣሥ 12 እስከ ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ለባሕር ዳር ከዚህ የተሻለ ሰማይ የለም፤ ዝናብ የለም፣ ቀኑ ብሩህ ነው። ነገር ግን በመሐሉ ገና አለ፣ ፍጻሜው ያረፈውም በከተራ ዕለት ነበር። ሆቴሉም መንገዱም ያን ጊዜ በራሱ ሙሉ ነው፤ አስተናጋጅ ከተማ ሲመረጥ ይህ ከወዲሁ መቆጠር አለበት። ውድድሩ ሰኔና ሐምሌ ላይ ከሆነ ደግሞ ከላይ የተነገረው ፈሰስ ሁሉንም ይወስናል።

የቀረውን በአጭሩ። ስታዲየሙ የመሮጫ መም ስላለው ከጎል ጀርባ የተቀመጠ ሰው ከመረቡ ይርቃል፤ ይህ ለድባቡ ጉዳት ነው እንጂ የሚያስከለክል አይደለም። መልበሻ ክፍሎቹ ለሁለቱም ቡድን እኩል ስፋት፣ ሙቅ ውሃ፣ በቂ መታጠቢያ ይፈልጋሉ፤ የዳኞች፣ የሕክምናና የዶፒንግ ክፍል ለየብቻ። ፓውዛው ኤልኢዲ ይሁን። የድሮው ዓይነት አምፖል መብራት አንዴ ብልጭ ብሎ ከጠፋ እስኪቀዘቅዝና ዳግም እስኪበራ ከ10 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ጄኔሬተሩ በሰከንድ ቢነሳ እንኳ ጨዋታው ይቆማል። ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል።

አንድ ምድብ አራት ቡድን ነው፤ እያንዳንዱ የልምምድ ሜዳ ይፈልጋል፤ ያም ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ሳር ያለው መሆን አለበት። ባሕር ዳር ላይ ከስታዲየሙ እድሳት ጋር አራት የሰርዶ ሜዳዎች ዛሬ ካልተጀመሩ ዋናው ሜዳ ቢያልቅም ከተማዋ አትመረጥም። ለነዚያ 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ግዴታ አይደለም፤ 15 ሴንቲ ሜትርና ከታች በየ5 ሜትሩ ቱቦ ካላቸው ክረምቱን ያልፋሉ።

ለጨረታ አዘጋጆች አንድ መስመር በውሉ ይግባ፦ ለሜዳው ከተነጠፈው አሸዋ 150 ሜትር ኩብ ትርፍ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀን ተጭኖ፣ በሸራ ተሸፍኖ ስታዲየሙ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ። ከሦስት ዓመት በኋላ የጎሉ አፍ ሲጎደጉድ የሚሞላው በዚያ ነው።